ስለ መኖሪያ ቤት መስኮት አመራረጥ

(በሬዲዮ የተነገረ)

ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ቦታው፥ ስለ መሠረቱና ስለ ጣራው ነው። ጭንቀቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ መሠረቱ የደከመ ቤት ይሰነጠቃል፥ ጣራው የሚያፈስ ቤትም ያስመርራል። ስለ መስኮት ግን ብዙዎቻችን የምናስበው ግድግዳው ቆሞ፥ ገንዘቡም ሊያልቅ ተቃርቦ፥ ግንበኛው «እዚህ ላይ ምን ያህል ልተውልዎ?» ብሎ ሲጠይቀን ነው። በዚያን ጊዜ የምንሰጠው መልስ ከጎረቤት ቤት ያየነውን መድገም ይሆናል። በእንዲህ ያለ ጥድፊያ የተተወ ቀዳዳ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ያህል ብርሃናችንን፥ አየራችንንና እንቅልፋችንን የሚወስን መሆኑን የምንረዳው ግን ቤቱ ውስጥ ገብተን መኖር ከጀመርን በኋላ ነው።

ይህን የምናገረው ከሰው ሰምቼ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያውን ቤቴን ባሠራሁ ጊዜ ትልቁን መስኮት ያስተከልኩት በምዕራብ በኩል፥ ወደ መንገዱ ነበር፤ ምክንያቱም፥ እውነቱን ለመናገር፥ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው ነው። የመኝታ ቤቱ መስኮት ግን ትንሽ ሆነ፤ ደፉም ወደ ውጭ ማዘንበል ሲገባው ወደ ውስጥ አዘነበለ። የመጀመሪያው ክረምት እንደ ገባ የዝናቡ ውሃ በደፉ ላይ እየወረደ ግድግዳውን አራሰው። እኔም የደፉን ስሕተት በማረም ፈንታ መስኮቱን በላስቲክ ሸፍኜ ዙሪያውን በምስማር መታሁት። በነሐሴ ወር አንድ ማታ ቡና ከተጠጣ በኋላ፥ ብርዱ ጠንክሮ ስለ ነበር፥ የከሰሉን ማንደጃ ከነፍሙ ወደ መኝታ ቤት አስገባነው። ሌሊት ትንሹ ልጃችን አስመለሰው። ልረዳው ብዬ ብነሣ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ራሴም ለሁለት የሚከፈል መሰለኝ። ወደ መስኮቱ ሄጄ ለመክፈት ብሞክር የገዛ ምስማሬ ከለከለኝ። በሩን ከፍተን እየተደጋገፍን ወደ ውጭ በመውጣታችን ብቻ ለዛሬ ደረስን።

ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ጭስ ቢሆን ኖሮ ዐይንን ይቈጠቍጥ ነበርና ሰው ይነቃ ነበር፤ ይህ ግን የተኛውን ሰው ሳያስነሣ ከደሙ ጋር ይዋሐዳል። ደማችን ኦክሲጂን ከሚይዝበት ኀይል ይልቅ ይህን ጋዝ የሚይዝበት ኀይል ከ200 እጅ በላይ ይበልጣል፤ ስለዚህም በአየሩ ውስጥ ያለው ጥቂት እንኳ ቢሆን የኦክሲጂኑን ቦታ ይወስድበታል። ከዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንዲታወቅ እፈልጋለሁ፤ መስኮትን ጥቂት ገርበብ ማድረግ ለከሰል መድኀኒት አይደለም። የፋመ ከሰል ወደ መኝታ ቤት ፈጽሞ አይገባም። ነገር ግን በወግ የተሠራ፥ የሚከፈትና ዝናብ የማያስገባ መስኮት በቤቴ ኖሮ ቢሆን ከግማሽ የሚበልጠው ጥፋታችን ባልደረሰ ነበር፤ ክፍሉ በቀን ፀሐይ ስለሚያገኝ ማታ ያን ያህል አይቀዘቅዝም ነበርና።

አባቶቻችን በሣር ክዳን ጎጆ ሲኖሩ መስኮት ሳያበጁ መኖራቸው ሞኝነት አልነበረም። የሣር ክዳን ይተነፍሳል፤ የምድጃው ጭስ በክዳኑ ውስጥ እየሰረገ ይወጣል፥ ሲወጣም ሣሩን ከነፍሳት ይጠብቀዋል። የቆርቆሮ ክዳን በመጣ ጊዜ ግን ቤቱ አፉን እንደ ተከደነ ማድጋ ሆነ፤ ጣራው ተለወጠ፥ የግድግዳው አሠራር ግን ብዙ ጊዜ እንደ ጥንቱ ቀረ። መስኮትን የሚመለከተው ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አለመሆኑን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በአክሱም ሐውልቶች ላይ የተቀረጹትን መስኮቶች፥ በ1997 ዓ.ም. ከኢጣልያ በተመለሰውና ቁመቱ 24 ሜትር ያህል በሚሆነው ሐውልት ላይ ያሉትን ጭምር ይመልከት፤ ወይም በላሊበላ ቤተ ማርያም በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈሉትን ያስተውል። የአክሱሞቹ ብርሃን የማያስገቡ የድንጋይ ሥዕሎች ናቸው። ዛሬም በከተማችን ለመታየት ብቻ የተሠሩ፥ የማይከፈቱም የማያበሩም መስኮቶች አልጠፉም፤ ልዩነቱ የአክሱሞቹ ቤት አለመሆናቸው ነው።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንግባ። መጀመሪያ የሚመረጠው የመስኮቱ ዓይነት ሳይሆን አቅጣጫው ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚህም የተነሣ የቀትር ፀሐይ ከነሐሴ መጨረሻ ግድም ጀምሮ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ ከራሳችን በላይ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ነው። በታኅሣሥ ወር አጋማሽ ላይ፥ ሌሊቱ እጅግ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ፥ ፀሐይ በቀትር ከአድማሱ በላይ 57 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ትወጣለች። በደቡብ በኩል ያለና ራሱ ከወለሉ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መስኮት፥ ክፈፉን የሚጋርድ ነገር ከሌለ፥ በዚያ ቀትር ብርሃኑን ከግድግዳው 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ያስገባል። ይህ ለከተማችን ትልቅ ስጦታ ነው፤ ወለሉና ግድግዳው በቀን የተቀበሉትን ሙቀት ማታ ይመልሱልናልና። በክረምት ግን ፀሐይ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ በሰኔ አጋማሽም በስተ ሰሜን ወደ 75 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትቆማለች። የሰማዩ ደመና ብዙ ስለ ሆነና ፀሐይዋም እጅግ ከፍ ስለምትል በሰሜን መስኮት የሚገባው ብርሃን ለስላሳና ሙቀት የሌለው ይሆናል፤ ለጽሕፈት ጠረጴዛና ለልብስ ስፌት የተመቸ ነው።

የምሥራቅ መስኮት የጧት መስኮት ነው። ማልዶ ለሚነሣ ሰው፥ ለሕፃናት ክፍልና ቁርስ ለሚበላበት ቦታ መልካም ነው። የምዕራብ መስኮት ግን፥ ከራሴ ቤት እንደ ተማርኩት፥ አስቸጋሪ ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በቀጥታ ስለምትገባ የትኛውም የጣራ ክፈፍ አይከላከላትም። መጋረጃው በሁለት ዓመት ውስጥ ቀለሙን ለቀቀ፤ እንግዳም በመጣ ቍጥር ዐይኑን በእጁ ይጋርድ ጀመር። በአዲስ አበባ ይህ ችግር ከመመረር አያልፍም። ወደ አዳማ ወይም ወደ ድሬዳዋ ተዛውሮ ቤት ለሚሠራ ሠራተኛ ግን ነገሩ ከባድ ነው፤ በዚያ በምዕራብ በኩል መስኮት ማብዛት ማለት በየማታው ምድጃ ማንደድ ማለት ነው። በቆላ ከተማ መስኮቶቹን በሰሜንና በደቡብ አድርጎ፥ በላያቸው ሰፊ የጣራ ክፈፍ ማውጣት፥ ከውጭም ከእንጨት የተሠራ መዝጊያ መጨመር ይሻላል።

ከአቅጣጫው ቀጥሎ መጠኑ ነው። በብዙ አገሮች ሕንፃ ሠሪዎች የሚሠሩበት ቀላል ልክ አለ፤ ይኸውም የመስኮቱ ስፋት ቢያንስ የወለሉን ስፋት አንድ አሥረኛ ያህል፥ የሚከፈተውም ክፍል የዚያ ግማሽ እንዲሆን ነው። ለምሳሌ 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ክፍል 12 ካሬ ሜትር ወለል አለው፤ ስለዚህ 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር የሆነ መስኮት ይበቃዋል። ብርሃን ወደ ክፍሉ ምን ያህል ዘልቆ እንደሚገባ የሚወስነው ግን የመስኮቱ ወርድ ሳይሆን የራሱ ከፍታ ነው። የቀን ብርሃን በደንብ የሚያገለግለው መስኮቱ ከወለሉ ከሚደርስበት ከፍታ ሁለት እጥፍ ወይም ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ርቀት ድረስ ነው። እንግዲያው ራሱ 2 ሜትር ከ10 ላይ ያለ መስኮት እስከ 4 ወይም 5 ሜትር ያበራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጥግ በቀትርም መብራት ይፈልጋል። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ገንዘብ ሰፊና አጭር መስኮት ከማሠራት ጠባብና ረዥም ማሠራት ብልህነት ነው።

አሁን ወደ አየር ነገር ደረስን፤ ከዚህ ላይ ከአንባቢዬ ጋር ጥቂት መከራከሬ አይቀርም። እኛ ነፋስን እንፈራለን። በአውቶቡስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ከኋላውና ከፊቱ ስንት ቍጣ እንደሚወርድበት ሁላችንም እናውቃለን፤ «ብርድ ሊያስመታን ነው» ይባላል። ጉንፋን የሚመጣው ግን ከነፋስ ሳይሆን ከሰው ወደ ሰው ከሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ የሚተላለፈውም በተዘጋ ቦታ ይብሳል። የሳንባ ነቀርሳም እንዲሁ ነው። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ በ8 ሆስፒታሎች ተደርጎ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2007 የታተመ ጥናት ይህን በቍጥር አሳይቷል። መስኮቶቹና በሮቹ በተከፈቱባቸው ክፍሎች አየሩ በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይለወጥ ነበር፤ ብዙ ገንዘብ በወጣባቸውና በመሣሪያ አየር በሚለወጥባቸው ክፍሎች ግን 12 ጊዜ ነው። ይልቁንም የሚያስደንቀው ከ1950 በፊት የተሠሩት፥ ጣራቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ትልልቅ የሆኑት አሮጌ ሕንፃዎች ከአዲሶቹ እጅግ በልጠው መገኘታቸው ነው። የአሮጌ ሕንፃ መስኮት ሲታይ «ይህን ያህል ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው መልሱ ከዚህ ላይ አለለት።

አየር በአንድ ቀዳዳ ገብቶ በዚያው መውጣት ይቸግረዋል። መግቢያና መውጫ ያስፈልገዋልና ቢቻል በሁለት ግድግዳ፥ ባይቻል በመስኮቱና በበሩ ራስ ላይ በምትተው ቀዳዳ ይተላለፍ። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ አንዱ መክፈቻ ከፍ፥ ሌላው ዝቅ ቢል ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ አየሩ ይንቀሳቀሳል። ይህ በማድ ቤት ከሁሉ ይልቅ አስፈላጊ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 በፈረንጆች አቈጣጠር በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት የሞተውን ሰው 3.2 ሚሊዮን ያህል ይሆናል ብሎ ገምቷል። በከተማችን በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግረው ሰው ቍጥር ቢበዛም፥ ከምጣዱ የሚነሣው እንፋሎት መውጫ ካላገኘ ጣራውን ያሻግተዋል። የማድ ቤት መስኮት ከምድጃው በላይ ወይም ከአጠገቡ፥ ከፍ ብሎ ይሁን፤ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ከእንጀራው ጋር የሚውሉት እዚያ ነው።

ዓይነቶቹን በየተራ ብንመለከት፥ በማጠፊያ ወደ ጎን የሚከፈተው ባለ ሁለት ክንፍ መስኮት እስካሁን የሚያህለው አላገኘሁም። ሁለቱ ክንፎች ሲከፈቱ ቀዳዳው በሙሉ አየር ያስገባል፥ ሲዘጉም ጠርዙ በክፈፉ ላይ ተጭኖ ነፋስን ይከለክላል። ጉድለቱ ወደ ውጭ ከተከፈተ ነፋስ ያላትመዋል፥ ወደ ውስጥ ከተከፈተ ደግሞ መጋረጃና ዕቃ ያስቸግረዋል። ዛሬ በየአዲሱ ሕንፃ የምናየው የአሉሚኒየም ተንሸራታች መስኮት ቦታ አይወስድም፤ ሆኖም በምንም መንገድ ከግማሹ በላይ አይከፈትም። እንግዲህ ቀደም ሲል የጠቀስነውን ባለ 12 ካሬ ሜትር ክፍል የመስኮት መጠን ተንሸራታች ብናደርገው የሚያስተነፍሰው ልክ በጭንቅ ይደርሳል፤ ከልኩ ያነሰ መስኮትን ተንሸራታች ማድረግ ግን ክፍሉን ማፈን ነው። ከላይ ታስሮ ከታች ወደ ውጭ የሚገፋው ዓይነት ዝናብ እየዘነበም ሊከፈት ይችላልና ለመታጠቢያ ቤትና ለማድ ቤት የተመረጠ ነው። ሉቨር የሚባለው፥ በየረድፉ የሚገለበጥ የመስተዋት ዝርዝር ያለው ደግሞ፥ ለቆላ አገር መልካም ነው፤ ለአዲስ አበባ መኝታ ቤት ግን አይሆንም፥ ቢዘጋም ብርድ ያሾልካልና። ዝርዝሩንም ሌባ አንድ በአንድ መዝዞ ሊያወጣው ይችላል።

ስለሚሠራበት ነገርም ጥቂት ልበል። እንጨት ሙቀትን ይጠብቃል፥ ለዐይንም ደስ ያሰኛል። ቀድሞ ዝግባና ዋንዛ ነበር የሚመረጡት፤ አሁን የአገር በቀሉ ዛፍ ስለ ተመናመነ በርካሽ አይገኝም። ባሕር ዛፍ በደንብ ካልደረቀ ይጣመማል። የእንጨት መስኮት ያለው ሰው አንድ ነገር ያስታውስ፤ በክረምት እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣልና «አልዘጋ አለ» ብሎ አናጢ ጠርቶ በነሐሴ ማስላግ ትልቅ ስሕተት ነው። በኅዳር ሲደርቅ ያ የተላገው ቦታ ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ይሆናል። የብረት መስኮት ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ ይዝጋል፤ ስለዚህ ከመተከሉ በፊት ፀረ ዝገት በሁሉም ገጹ፥ በግድግዳው ውስጥ በሚቀበረውም ክፍል ጭምር መቀባት አለበት። አሉሚኒየም አይዝግም፥ ቀለምም አይጠይቅም፤ ነገር ግን ዙሪያውን የሚዘጋው ጎማ ሲያረጅ ይለወጥ። ከሁሉ በላይ በታችኛው ሐዲዱ ላይ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች «ነፋስ ያስገባሉ» ብሎ የሚደፍን ሰው አለ፤ እነዚያ የተሠሩት የዝናብ ውሃ እንዲወጣባቸው ነውና ሲደፈኑ ውሃው ወደ ሳሎን ይመለሳል።

መስተዋቱ ለትንንሽ ክፍልፍሎች 4 ሚሊ ሜትር፥ ለትልልቆቹ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል። አሁን በከተማው የተስፋፋው ሰማያዊና ነሐስማ መስተዋት ግን ብዙ አያስደስተኝም። ገዢው የሚፈልገው ከውጭ ያለው ሰው ውስጡን እንዳያይ ነው፤ ይህም የሚሆነው በቀን ብቻ ነው። ማታ መብራት ሲበራ ነገሩ ይገለበጣል፤ በውስጥ ያለው ሰው የራሱን መልክ ሲያይ፥ በውጭ ያለው እርሱን ያየዋል። እስከዚያው ድረስ ግን ቤቱ በቀን ይጨልምበትና በቀትር መብራት ያበራል። ስስ መጋረጃ ከዚህ ይሻላል፥ ዋጋውም ያንሳል።

የብረት ፍርግርግ ነገር ብዙ ጊዜ ከመስኮቱ በኋላ ይታሰባል፤ ከመስኮቱ ጋር ግን መታሰብ ይገባዋል። ፍርግርጉ በውጭ ከሆነ ክንፉ ወደ ውስጥ፥ በውስጥ ከሆነ ክንፉ ወደ ውጭ መከፈት አለበት፤ ይህ ቀላል ነገር ተረስቶ ብረቱና ክንፉ ሲጋጩ በዐይኔ አይቻለሁ። በእያንዳንዱ መኝታ ቤት ቢያንስ አንዱ ፍርግርግ በማጠፊያ የሚከፈት ይሁን፤ ቁልፉም ሕፃን በማይደርስበት፥ ትልቅ ሰው ግን በጨለማ ዳስሶ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀል። እሳት ቢነሣ በሩ ላይ ይነሣ ይሆናልና። በፎቅ ለሚኖሩ ደግሞ የደፉ ከፍታ ከወለሉ ከ90 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ፥ አልጋም ሆነ ወንበር ከሥሩ እንዳይቀመጥ ያስፈልጋል፤ ሕፃን ልጅ መወጣጫ ካገኘ ከፍታው ምንም አይጠቅምም።

በጋራ መኖሪያ ቤት ለሚኖረው አንባቢ ይህ ሁሉ ምን ይረዳዋል? ግድግዳው የጋራ ስለ ሆነ ያለ ማኅበሩና ያለ ሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ መስኮት ማስፋት አይቻልም። ነገር ግን የመስኮቱን እኩሌታ የጋረደውን ቁም ሣጥን ማንሣት፥ ከፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ በነጭ ቀለም መቀባት፥ መጋረጃውም ሲከፈት ከመስተዋቱ ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ የመጋረጃውን ዘንግ በሁለቱም በኩል በ20 ሳንቲ ሜትር ማስረዘም ይቻላል። እነዚህን ያደረገ ሰው ክፍሉ ምን ያህል እንደ በራ ሲያይ ቀድሞ ባለማድረጉ ይገረማል።

አሁን ወደዚያ ወደ ደፉ ልመለስ። ደፉ ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት፤ ከግድግዳውም ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይውጣ፤ ከሥሩም፥ ከጫፉ አጠገብ፥ ጣት የምታህል ቦይ በርዝመቱ ትቀረጽ። ውሃ በድንጋይ ሥር ተጣብቆ ወደ ኋላ የመሄድ ጠባይ አለው፤ ያቺን ቦይ ሲያገኝ ግን መሻገር አቅቶት ይንጠባጠባል። እኔ በክረምቱ መጨረሻ ግንበኛ ጠርቼ የመኝታ ቤቱን ደፍ በዚህ ዓይነት አስለወጥኩ፤ ሥራው ከጧት እስከ ቀትር አለቀ። ምስማሮቹን ነቅዬ ላስቲኩን ጣልኩ። በዓመቱ ደግሞ የምዕራቡን መስኮት እኩሌታ አስገንብቼ፥ በወጣው ክንፍ የመኝታ ቤቱን መስኮት አሰፋሁት። ልኩን የወሰድኩት ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ፥ በሦስት ቦታ፥ ከላይ፥ ከመካከልና ከታች ለክቼ ነው፤ የግንበኛ ቀዳዳ አራት ማዕዘን የሚሆነው በወረቀት ላይ ነውና፥ ከሦስቱ ልኮች የሚታዘዘው ከሁሉ ያነሰው ነው።